የአምስት ቀን መርከብ

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

መቅደላዊት ትናንት ደውላ ልጆቹን መርከብ ላሳፍራቸው ነው አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም።

ልጄ ዱባይ ሆቴል ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏታል። ልጆቿ ፋኑኤልና ሃይሚ ኮተቤ እኔ ዘንድ ናቸው። እሱ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እሷ አራት። አባታቸው ሃይሚ ሳትወለድ ስላረፈ የማሳድጋቸው እኔ ነኝ። ውክልናውም የልደት ምስክር ወረቀታቸውም ያለው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

መርከቡ ከዱባይ ተነሥቶ በስድስተኛው ቀን ጠዋት እዚያው ዱባይ ይመለሳል። «ታዲያ የት ነው የሚሄደው?» አልኳት። «ወደብ ወደብ እየዞረ ይመለሳል እንጂ የትም አይሄድም እማዬ፤ ለመዝናናት ነው።» የትም የማይሄድ መርከብ ለመሳፈር ሁለት ሕፃናት ከኮተቤ ይነሣሉ ማለት ነው።

«አንቺም ነይ» ብላኛለች። በሰባ ስድስት ዓመቴ። ጉልበቴን ያመኛል አልኳት። እውነት ነው፣ ያመኛል።

የሚመለሱበትን ቀን ጠየቅኋት። «እሱ በኋላ ይታያል» አለች። ይህ መልስ አይደለም። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት መምህርታችን ሳታነበው ነበር ቀድዳ የምትጥለው። እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያው አደርግ ነበር። የወለድኳትን ግን ያስተማርኳት አልመሰለኝም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

እንድርያስ ከካራ መጣ። የመቅደላዊት ታላቅ ወንድም ነው፤ ልጆቹን እስከ ዱባይ የሚያደርሳቸው እሱ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ መርከቡን አሳየን።

«እማዬ ተመልከቺ፣ አሥራ ስምንት ፎቅ ነው!»

«ፎቅ ለማየት ከሆነ መገናኛ ሞልቶ የለም?»

«መዋኛ አለው፣ ሲኒማ አለው፣ የልጆች ክለብ አለው። ምግቡ ደግሞ ሃያ አራት ሰዓት ነው!»

«ሃያ አራት ሰዓት የሚበላ ልጅ መቼ ይተኛል?»

«ኧረ እማዬ! አንቺ እኮ ኖኅንም መርከቡን ሳይሠራ ታደክሚው ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የሚያድሩበት ክፍል መስኮት የለውም። መስኮት ያላቸው ክፍሎች ተይዘው አልቀዋል አለ። ልጅ እንዳይጠፋ ደግሞ ቁጥር ያለው አምባር እጁ ላይ ይታሰርለታል። ልጅ እንዳይጠፋ በዓይን ነው የሚጠበቀው። ፋኑኤል፣ መርከቡ ቢሰምጥ መጀመሪያ የሚወርዱት ሕፃናት ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። አጎቱ አዎ አለው። «እማማስ?» አለ። «እማማማ አትሄድም።» ልጁ ከዚያ በኋላ ስለ መርከቡ ምንም አልጠየቀም።

የሚነሣው በፈረንጅ ጃንዋሪ 31 ነው፤ ጥር 23፣ ቅዳሜ። እስከ ጥር 28 ውኃ ላይ ናቸው። ባሕረ ሐሳቡን አወጣሁት። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። ዮናስ በመርከብ የሸሸበትን ታሪክ እያነበብን በምንጾምበት ሰሞን ልጄ መርከብ ላይ ቁጭ ብላ ሃያ አራት ሰዓት ልትበላ ነው! ሕፃናቱ አይጾሙም፣ አውቃለሁ። እሷ ግን ልጅ አይደለችም። ይህን ስነግረው እንድርያስ «ጸሎትሽ ይድረሰን» ብሎኝ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

የዋና ልብስ ፍለጋ ሾላ ዋልን። ሦስት ሱቅ ዞርን። አራተኛው ሱቅ ያለው ጎረምሳ «ለማን ነው እናቴ፣ ለእርስዎ?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። «ለእኔ ቢሆን ከአንተ አልገዛም ነበር፤ ስፌቱ ተንሻፏል» አልኩት። አፍሮ ሌላ አወጣልኝ። የሃይሚ ቢጫ፣ የፋኑኤል ሰማያዊ።

ስንመለስ ሃይሚን ታክሲ ውስጥ አስመለሳት። ረዳቱ «ፌስታል! ፌስታል አቀብሏቸው!» እያለ ይጮሃል። መገናኛ ሳንደርስ ደግሞ ሁለተኛ። ከሾላ እስከ መገናኛ ያልቻለች ልጅ ባሕር ላይ አምስት ቀን! ለእናቷ በስልክ ብነግራት «መድኃኒት አለው» አለች። ሃይሚ ስታስመልስ ግንባሯን መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልያዙላት ትደነግጣለች። ይህን አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት እንጃ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የልጆቹ የፓስፖርት ቀጠሮ ተገኘ። እንድርያስ በኢንተርኔት አስመዝግቦ ወረቀቱን አመጣልኝ። ቀኑን እንኳ አላየውም። በቤታችን የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ የሠርግም ይሁን የሐኪም። ልጆቼ ራሳቸው ቆጥረው አያውቁም። «አንቺ ያዢው እማዬ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ ከሥራ አስፈቅዳለሁ።»

ወረቀቱ 08/12/2025 ይላል።

ታኅሣሥ 8 ነው አልኩት። ስልኩ ላይ ጻፈው። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁ።

የጎመኑ አጥር ፈርሷል። የሚያቆምልኝ ሰው መፈለግ አለብኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ለተጊዮርጊስ መጣች። አዳሪ ትምህርት ቤት አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀችውን ስትመልስልኝ ኖራለች።

«አንቺ ጥሩብርሃን፣ ልጆቹን ልትወስዳቸው እኮ ነው።»

«ለአምስት ቀን።»

«መመለሻ ተቆርጦላቸዋል?»

«በኋላ ይታያል ብላለች።»

«አየሽ?»

«ምኑን ነው የማየው?»

«እናት ናት። ሦስት ዓመት ጠብቃለች። መርከቡ ማባበያ ነው። ልጅን ዝም ብለሽ ና ብትዪው ያለቅሳል፣ መርከብ ስትዪው ግን እየሮጠ ይሄዳል። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።»

ሻይዋን ሳትጨርስ ሸኘኋት። ከልጅነቷ ጀምራ ወሬ ትወዳለች። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ልክ ትሆናለች፤ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

ኅዳር 21፣ እሑድ

እንድርያስ ደጅ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «አልነገርኳትም። አልነግራትምም። ራስሽ ንገሪያት መቅዲ፣ እኔን አታስገቢኝ።»

ስለ መስኮቱ ይሆናል። ወይም ስለ ምግቡ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄዱ። ብርድ ነው። መሳቢያውን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ሽንኩርት ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ ተኛሁ። ቀን ተኝቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

በእንድርያስ መኪና እንጦጦ ራጉኤል ወጣን። በመጨረሻው መታጠፊያ ሃይሚን አስመለሳት፤ ግንባሯን ያዝኩላት። ፋኑኤል ከላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል እያየ «ባሕሩ በየት በኩል ነው?» አለ። አጎቱ ወደ ምሥራቅ ጠቆመው።

«አይታይም እኮ።»

«ሩቅ ነው።»

«ከካራ ይርቃል?»

«ከካራማ በጣም ይርቃል።»

ልጁ የሚያውቀው ሩቅ አገር የአጎቱ ቤት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ ጸሎቴን ጀመርኩና መሐል ላይ ተቋረጠብኝ። የምለምነውን በስሙ ልጠራው አልቻልኩም። ፋኑኤል ነጠላዬን ጎትቶ «ምን ለመንሽ እማማ?» አለኝ። «ጤና» አልኩት። በቅጽሩ ውስጥ ቆሜ ሕፃን ዋሸሁ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ልጆቹን አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ፓስፖርት ቢሮ ሄድን። አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየችና «እናቴ፣ ይሄ እኮ ካለፈ ዘጠኝ ቀኑ ነው። በፈረንጅ ዲሴምበር ስምንት ነው። ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ነበር» አለችኝ።

እንድርያስ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ! የፈረንጅ ነው እኮ!»

«አላስተዋልኩም» አልኩ።

አዲሱ ቀጠሮ ጃንዋሪ 30፤ ጥር 22። መርከቡ በማግሥቱ ይነሣል። ቀረ ማለት ነው።

 መኪናው ውስጥ ፋኑኤል «እኛ ነን ያጠፋነው?» አለ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

መቅደላዊት ደወለች። ትቆጣኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። «ግድ የለም እማዬ። ሰው ይሳሳታል። ብቻ አንቺ እንዳትጨነቂ።» በዚህ ድምፅ የሚነገረው ለሕመምተኛ ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

እንድርያስ ማድ ቤት ሆኖ በስልክ፣ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት፦

«ስሚኝ መቅዲ። እማዬ ቀን የሚጠፋት ሴት አልነበረችም፤ አሁን ጠፋት። ነገ ደግሞ ጋዙን ሳትዘጋ ብትተኛስ? ሁለት ሕፃን ይዛ ብቻዋን? እንዲያውም መርከቡ ቢቀርም ልጆቹ እዚህ መቆየት የለባቸውም።»

ደሜ ፈላ። እኔ! ልጅ ባዶ እግሩን እየሮጠ ቢያመልጠኝ እንኳ ጋዝ አጠገብ አስደርሼው የማላውቅ ሴት! ሁለቱን ልጆች ያለ አንድ ጠባሳ ያሳደግሁ! አሁን አርጅታለች ተብዬ፣ ያውም በዚህ ምክንያት፣ ያውም እኔ ራሴ

እዚህ ላይ ሁለት መስመር ጽፌ ሰረዝኩ። ስርዝ ድልዝ የበዛበት ደብተር ለተማሪዎቼ እመልስ ነበር።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

እንድርያስ «ለደም ግፊትሽ ነው» ብሎ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። የመርሳት ምርመራ ኖሯል። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ትሑት።

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ይነግሩኛል?»

«ታኅሣሥ 14 ቀን 2018፣ ማክሰኞ። በፈረንጅ ዲሴምበር 23 ቀን 2025። ጾሙ ከገባ ዛሬ ሠላሳኛ ቀኑ ነው። ገና የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ረቡዕ ይውላል።»

ሐኪሙ የጠረጴዛውን ካላንደር አገላበጠ። ከዚያ ከመቶ ጀምሬ ሰባት ሰባት እንድቀንስ ጠየቀኝ። «ሁለት ደርሻለሁ፤ ከዜሮ በታች ልውረድ?» አልኩት። ሳቀና ወደ እንድርያስ ዞረ። «ወንድሜ፣ እናትዎ ከእኔም ከእርስዎም የተሻሉ ናቸው።»

ደስ አለኝ። መኪናው ውስጥ እስክገባ ድረስ ደስ አለኝ። እንድርያስ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ታዲያ ያን ቀን እንዴት ተሳሳትሽ?»

በመስኮቱ መንገዱን አየሁ።

«አልተሳሳትሽም» አለ።

አንዲት ሴት ቲማቲም ትመርጣለች። አንዱን አንሥታ ትመልሳለች፣ ሌላውን ታነሣለች።

«ለመቅዲ እኔ አልነግራትም። ራስሽ ትነግሪያታለሽ።»

በሰባት ዓመቱ የአባቱን መነጽር ሰብሮ ሲደብቅ፣ ሄዶ ራሱ እንዲናገር ያዘዝኩት በዚሁ ድምፅ ነበር።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ነገርኳት። ብዙ አልፈጀም። «ቀኑን አውቀው ነበር። ኅዳር 29 መሆኑን ወረቀቱን ባየሁበት ደቂቃ ነው ያወቅሁት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እኔም አልነገርኩሽም እማዬ። መመለሻ አልቆረጥኩላቸውም። ሁለት ክፍል ያለው ቤት ተከራይቻለሁ፣ ትምህርት ቤትም አይቼላቸዋለሁ። አንቺን ግን ፈራሁሽ።»

«ስለዚህ መርከብ ላክሽልኝ።»

«ስለዚህ መርከብ ላክሁልሽ።»

«አሥራ ስምንት ፎቅ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ስትረጋጋ «አላስገድዳቸውም» አለች። «ከመርከቡ ስንወርድ እጠይቃቸዋለሁ። እኔ ጋ መቅረት ከፈለጉ ይቀራሉ፣ ወደ አንቺ መመለስ ከፈለጉ እመልሳቸዋለሁ። ራሳቸው ይምረጡ።»

«የስድስት ዓመት ልጅ? እናትህን ወይስ አያትህን ተብሎ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ እማዬ?»

«አላውቅም» አልኳት። ይህን ቃል ለልጄ ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ ሃይሚ ስታስመልስ ግንባሯን ያዢላት፣ ካልያዝሽላት ትደነግጣለች አልኳት። «እሺ» አለች። ደግማ «እሺ፣ ግንባሯን» አለች፤ የምትጽፈው መሰለኝ።

ሦስት ዓመት በየሳምንቱ ደውላለች። በልተሻል ወይ፣ ብርድ የለም ወይ እላት ነበር። ልጆችሽ ናፍቀውሻል ወይ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት መልስ ትሰጠኝ ነበር።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ብቻዬን ፓስፖርት ቢሮ ሄድኩ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲልኩኝ ረፍዶ አንዲት ኃላፊ ዘንድ ደረስኩ። ጋዲሴ ይሏታል፤ የደከማት፣ ነገር ግን ሰው ስታናግር ቀና የምትል ሴት። ቀጠሮው ያለፈበትን ምክንያት በማመልከቻ ጽፌ እንዳመጣ አዘዘችኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ ቀን፣ አድራሻ፣ ጉዳዩ፣ ሁሉንም በየቦታው። አነበበችውና ቀና አለች።

«እናቴ፣ ‹ቀኑን እያወቅሁ ሆን ብዬ አሳልፌዋለሁ› ይላል።»

«አዎ።»

«እንዲህ ተብሎ እኮ አይጻፍም። ‹በሕመም ምክንያት› ይበሉና ያምጡት፣ እፈርማለሁ።»

«አልታመምኩም። ማክሰኞ ተመርምሬ ጤነኛ ነሽ ተብያለሁ።»

«‹በቀን አቆጣጠር ስሕተት› ይበሉ እሺ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ነው።»

«እኔ አልተሳሳትኩም።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ልርዳዎት እኮ ነው የምለው!»

«ገብቶኛል። ግን ስሜን የምፈርምበት ወረቀት ነው።»

ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ለምን አሳለፉት?» አለችኝ። የልጅ ልጆቼ ናቸው አልኳት። ማመልከቻዬን እንዳለ አጥፋ ፋይል ውስጥ ከተተችውና ታኅሣሥ 27 ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ይዘው ይምጡ አለችኝ። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብላት ሳቋን መያዝ አቃታት።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ልጆቹ የፓስፖርቱን ፎቶ ተነሡ። ሃይሚ ዓይኗን ጨፈነች፣ ደግመው አነሷት፣ ደግማ ጨፈነች። ፋኑኤል እንደ ዳኛ ተኮሳትሮ። አለቀ።

ጥር 15፣ ዓርብ

ቪዛውም መጣ። እንድርያስ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሳሎኑን ዞረው። ልጆቹ ከኋላው እየተከተሉ ዞሩ። ምንጣፉ ተጣጠፈ። አልተቆጣሁም።

ጥር 18፣ ሰኞ

የልጆቹ ትምህርት ቤት ሄጄ መሸኛ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ርሆቦት «ለእረፍቱ ከሆነ እኮ መሸኛ አያስፈልግም እትዬ፤ ሲመለሱ ይቀጥላሉ» አለችኝ።

«ለእረፍቱ አይደለም» አልኳት።

ድምፄ ደኅና ወጣ። ወረቀቱን ስትጽፍ የሃይሚን የአባት ስም ተሳስታ ነበር፤ አስተካከልኩላት።

ጥር 20፣ ረቡዕ

በረራቸው ነገ ጠዋት ነው። ሻንጣውን ስዘጋ እንድርያስ ሊያነሣው ሞክሮ «እማዬ፣ አምስት ቀን እኮ ነው የሚቆዩት» አለኝ። ከፍቶ አየ። የክትባት ካርዳቸውን፣ የፋኑኤልን የትምህርት ውጤት፣ መሸኛውን አየ። መልሶ ዘጋውና ወደ መኪናው ተሸክሞት ሄደ፤ እዚያ ብዙ ቆየ።

ፋኑኤል በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«እማማ፣ እናቴ ትናንት በስልክ ከመርከቡ በኋላ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ አለችኝ።»

«ምን?»

«እሷ ጋ መቅረት እንደምፈልግ። ወይስ አንቺ ጋ መመለስ እንደምፈልግ። አስብበት አለችኝ።» ጣቱን የበሩ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል። «ምን ልበላት?»

መቅደላዊትን ተይ ብያት ነበር። ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም አይጫንም ብያት ነበር።

«እቀራለሁ በላት» አልኩት።

«አንቺስ?»

«እኔ እዚህ ነኝ። ኮተቤ የትም አይሄድም።»

«ካለቀስኩስ?»

«አልቅስ። ግን እቀራለሁ በል። እህትህም አጠገብህ ሆና ትስማህ።»

ራሱን ነቀነቀ። አዲሱን ጫማ ለመልመድ ከጠዋት ጀምሮ አድርጎት ውሏል፤ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አቀያይሮ። ስድስት ዓመት ሞልቶት! ተቆጣሁት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ፈታ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ፣ ክሩን ለማሰር ብዙ ጊዜ ፈጀ። አላሰርኩለትም። እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁት።